«እኛ» የሚባል ሠራተኛ

«ኦቦ ኤኙ አረፉ» አለኝ በቀለ በስልክ።

ሱሉልታ፣ ቤቴ በር ላይ ቆሜ የውሃ ቦቴ እየጠበቅሁ ነበር።

«መቼ?»

«ትናንት። ኩላሊታቸው ነው አሉ። ቀብሩ ዛሬ ነው፣ ቡራዩ። ትመጣለህ አይደል?»

«ዛሬ?» አልኩት።

«በቃ ትመጣለህ» ብሎ ዘጋው።

ኤኙ በኦሮምኛ «ማን» ማለት ነው፤ ኦቦ ደግሞ «አቶ»። የሟቹ እውነተኛ ስም ታረቀኝ ነበር፤ በቀለም እኔም በሠራንበት ሰበታ ባለ አንድ የፍራሽ ፋብሪካ የምርት ሥራ አስኪያጅ። ቅጽል ስሙን ያወጣችለት የመጋዘን ኃላፊዋ ጫልቱ ናት፤ ስብሰባ ላይ ከሰላምታ ቀድሞ ከአፉ የሚወጣው ቃል «ማን?» ስለነበር። ስሙን ሲሰማ አልተቆጣም። «ኤኙ ካላችሁኝ፣ ስጠይቅ መልሱን ይዛችሁ ኑ» አለ። ከዚያ ወዲያ ስሙ ስድብ መሆኑ ቀርቶ ማዕረግ ሆነ።

በሕይወት ሳለ አንቱ እለው ነበር። በዕድሜ ይበልጠኛል፣ አለቃዬም ነበር። እዚህ ግን «እሱ» እለዋለሁ፤ ኋላ የሚመጣውን የፋብሪካውን ባለቤትም እንደዚሁ። ሟችን ማዕረግ መንጠቅ ነውር መሆኑ አይጠፋኝም። ነገር ግን አንቱታ ሰውን ያበዛዋል፤ አንዱን ሰው ብዙ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ብዙ የሆነን ሰው ደግሞ እንዴት አድርገው ይጠይቁታል? ስለ ታረቀኝ ስጽፍ አንድ ሰው ሆኖ እንዲቆምልኝ እፈልጋለሁ። እሱም ከእኛ የፈለገው ይኸንኑ ነበር።

ከመምጣቱ በፊት የሰኞ ስብሰባችን ምን ይመስል እንደነበር መናገር አለብኝ። የግዥ ኃላፊ ስለነበርኩ አንድም ቀን አልቀረሁም፤ መጻፍ ገና እንጀራ ሳይሆነኝ ነው (አሁንም አልሆነኝም)። ሻይ ይመጣል፣ ዳቦ ይመጣል፣ ከዚያ ሪፖርት ይቀርባል። ይቀርባል ማለቴን ልብ በሉልኝ። ሁሉም ነገር በራሱ ይቀርብ ነበር። ማሽኑ ተበላሽቷል፣ እየተጠገነ ነው፣ መኪናው ዘግይቷል፣ ጉዳዩ ይታያል፣ በቀጣይ በትኩረት ይሠራል። አማርኛ ለሰነፍ ስብሰባ የተመቸ ቋንቋ ነው። ግሱ ፊት አንዲት «ተ» ስትገባ አድራጊው ሹልክ ብሎ ይወጣል። «ሰበረ» ስንል ሰው አለ፤ «ተሰበረ» ስንል ማሽኑ ብቻውን ተቀምጦ ይታያል። እኩለ ቀን ላይ ስንበተን ማንም ምንም አላጠፋም፣ ማንም ምንም አይሠራም፣ ሁሉ ነገር ግን እየተሠራበት ነው።

ታረቀኝ በመጣ በመጀመሪያው ሰኞ ተራው የጥገናው የበቀለ ነበር።

«መቁረጫ ማሽኑ ተሰብሯል። እየተጠገነ ነው» አለ በቀለ ዳቦውን እያላመጠ።

«ማን ነው የሚጠግነው?»

«እኛ ነና።»

ታረቀኝ መነጽሩን አወለቀ። ጎንበስ ብሎ ጠረጴዛው ሥር አየ፣ ተነስቶ በሩን ከፈተና ኮሪደሩን ቃኘ፣ ተመልሶ ተቀመጠ።

«የለም» አለ። «‹እኛ› የሚባል ሠራተኛ ዛሬ አልገባም እንዴ? ፔይሮሉ ላይም አላየሁት።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በቀለም ሳቀ፣ ግን አልተረታም።

«ጥገና ክፍል ማለቴ ነው።»

«ክፍል ብሎን መፍታት አይችልም። እጅ የለውም።»

«እሺ በቀለ ይጠግነዋል።»

«በቀለ ማነው?»

«እኔ!» ብሎ ጮኸ በቀለ፣ ተናዶ። «እኔ ነኝ በቀለ! እኔ እጠግነዋለሁ!»

«መቼ?»

«እስከ ረቡዕ!»

«ተመስገን» አለ ታረቀኝ መነጽሩን መልሶ እያጠለቀ። «ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል አንድ ሰው ተገኘ።»

ማሽኑ ማክሰኞ ማታ ተነሳ። በቀለ ለእልህ ሲል አንድ ቀን አስቀድሞ ጨረሰው።

ከዚያ በኋላ ደንብ ወጣ። ማንም ሰው በ«እኔ» የምትጀምርና የቀን ስም ያለባት አንዲት ዓረፍተ ነገር ሳይናገር ከስብሰባ አይወጣም። «እኔ እስከ ሐሙስ ጨርቁን አስገባለሁ።» «እኔ እስከ ዓርብ ሚዛኑን አስተካክላለሁ።» የደንቡ ሁለተኛ ክፍል ደግሞ ይህ ነበር፦ የሰው ጥፋት አትናገሩ፤ እያንዳንዱ የራሱን ብቻ ይናገር። «ጣት መቀሰር ከጀመርን ሁሉም መደበቂያውን ያዘጋጃል» ይል ነበር። «ሁሉም የራሱን ከተናገረ የቀረ ነገር አይኖርም።» ሲሰሙት ደስ የሚል ነው። ያልሠራበት ቀን እስኪመጣ ድረስ ሠርቷል።

ጎረምሶቹ «የእኔ ጸሎት» እያሉ ያሾፉ ነበር። ጫልቱ ግን ከሁሉም በላይ ወደደችው። ለዓመታት ስብሰባ ስትገባ በሩ አጠገብ ተቀምጣ፣ ሳትጠየቅ ገብታ ሳትጠየቅ የምትወጣ ሰው ነበረች። በአዲሱ ደንብ ተራው የግድ እሷም ጋ ይደርሳል። መጀመሪያ ቀን ድምጿ ተንቀጠቀጠ። ወር ሳይሞላ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «እኔ ጫልቱ፣ መጋዘኑ ውስጥ የበሰበሰውን ጣውላ እስከ ቅዳሜ አወጣለሁ፤ አላወጣሽም የሚለኝ ካለ እሑድ ይምጣና ይየኝ!» ማለት ጀመረች። ታረቀኝ እሷ ስትናገር ጭንቅላቱን ያወዛውዝ ነበር፣ ጥሩ መዝሙር እንደሚሰማ ሰው።

እኔ ደግሞ በባህሪዬ አለቃ የሚያመጣውን አዲስ ነገር አላምንም። ሥልጠና፣ ለውጥ፣ መሠረታዊ የሥራ ሂደት እየተባለ ስንቱ መጥቶ ስንቱ እንደሄደ አይቻለሁ። ስለዚህ የታረቀኝን መውደቂያ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። አንድ ሰኞ ተነስቶ እንዲህ አለ፦ «ዓርብ የወጣው ስፖንጅ መሐሉ የጎደጎደው በኬሚካሉ አይደለም። መጠኑን የቀየርኩት እኔ ነኝ። ኬሚካሉን የላኩትን ሰደብኳቸው፤ ዛሬ ጠዋት ደውዬ ይቅርታ ጠይቄያለሁ።» ተቀመጠ። አለቃ ጥፋቱን በራሱ አፍ፣ በራሱ ስብሰባ ሲናገር ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

ያን ቀን አመንኩት። ዛሬ ሳስበው ያ ጥፋት ርካሽ ጥፋት ነበር። ሥራ አስኪያጅ አንድ ቀን ስፖንጅ ቢያበላሽ ማንም ከወንበሩ አያነሳውም። ያን ጊዜ ግን ይህን አላሰብኩም። በሐቅ እናገራለሁ፣ ስብሰባው ጥሩ ነበር። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ እንጨርሳለን፣ የተባለው ይሠራል፣ መኪኖች በር ላይ መኮልኮል ተዉ። ይኸን ሰው የማልረሳው ስላጭበረበረ ቢሆን ቀላል ነበር። ሥራውን የሚያውቅ፣ ያስተማረንም እውነት የሆነ ሰው ነበር።

አሁን ስለ ስፖንጅ ትንሽ ልናገር። ኬሚካሉ ሲቀላቀል እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል፤ ከዚያ ሰው የሚያህል ብሎክ ይሆናል። ከላይ ሲነኩት የቀዘቀዘ ይመስላል። ሆዱ ግን ገና ይፈላል። ስለዚህ አየር እንዲያገኘው ተራርቆ፣ ዳስ በመሰለው ጣራ ሥር ማደር አለበት። ሳይቀዘቅዝ አጠጋግተው ከደረደሩት ሙቀቱ መውጫ ያጣና ከውስጥ ይነዳል። ይህን ፋብሪካው ውስጥ የማያውቅ የለም፤ የሻይ ቤቷ ሴትዮ ሳትቀር ታውቃለች።

የእንቁጣጣሽ ሰሞን ለተማሪዎች ማደሪያ የሚሆን ትልቅ ትዕዛዝ መጣ። ዳሱ ሞላ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የወጡት ብሎኮች ወደ መጋዘን ተደረደሩ። ሳይመሽ ጥበቃው ጭስ አየ። ራሱ ሮጦ ገብቶ ውሃ ሲያርከፈክፍ ጭሱ ጥሎት ሆስፒታል ገባ፤ ነፍሱ ተረፈች። መጋዘኑ ግማሹ ነደደ። ጥቁሩ ጭስ ከአለም ገና ይታይ ነበር አሉ።

ስብሰባው በማግስቱ ተጠራ። ባለቤቱ አቶ ፍስሐ ራሱ መጥቶ በታረቀኝ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ታረቀኝ አጠገቡ። ሻይ አልመጣም።

«ምንድነው የሆነው?» አለ ባለቤቱ።

ጫልቱ ማንም ሳይጠራት ተነሳች። ፀጉሯ ገና ጭስ ጭስ ይሸታል።

«እኔ ነኝ ያስደረደርኩት» አለች። «አልቀዘቀዘም ነበር። አልቀዘቀዘም እያልኩ ነው ያስደረደርኩት።»

ከዚያ አልተቀመጠችም። ወደ ታረቀኝ ዞራ ቆመች። ወረፋዋን ጨርሳ ለሚቀጥለው ቦታ የለቀቀች ሰው ትመስል ነበር። ለምን እሱን እንደምታየው ያን ሰዓት አልገባኝም።

ታረቀኝ መነጽሩን አላወለቀም። ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ችግሩ በመሠረቱ የአሠራር ክፍተት ነው» አለ። «በዚህ ጉዳይ ላይ ሁላችንም በጋራ ተጠያቂዎች ነን።»

ከኋላዬ በቀለ በትንፋሹ «ኤኙ?» ሲል ሰማሁት። ማንም አልሳቀም።

«ሁላችን ማነው?» አልኩ እኔ፣ ጮክ ብዬ።

ታረቀኝ አየኝ። «ይኼ በቃላት የምንጫወትበት ሰዓት አይደለም» አለ።

ነገሩ አለቀ። በዚያ ክፍል ውስጥ «እኔ» ያለች አንዲት ሰው ነበረች፤ የቀረነው «ሁላችን» ሆነን ተረፍን። ባለቤት ሁሉን አያባርርም። አንድ ሰው ማባረር ግን ይችላል፣ በተለይ ያ ሰው ራሱ ቆሞ ከጠበቀው።

ጫልቱን ዳሱ ሥር አገኘኋት፤ የሥራ ጫማዋን እያወለቀች ነበር።

«ምነው ብቻሽን ቆምሽ?» አልኳት።

«ብቻዬን የምቆም መስሎኝ ነው እንዴ ጋሼ? ይከተሉኛል ብዬ ነዋ!»

«ማን?»

«ኦቦ ኤኙ ናቸዋ! ሌላ ማን ይከተለኛል? እዚሁ መጥተው ‹ዳሱን ልቀቂልኝ፣ ሌላ ልናወጣ ነው› አሉኝ። አልቀዘቀዘም አልኳቸው። ነክተው አዩትና ‹ደርድሪው፣ እኔ አለሁ› አሉ።» ቀና ብላ አየችኝ። «እኔ አለሁ ነው ያሉኝ። እሳቸው እኔ ካሉ እኮ...»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«የሰው አትናገሩ፣ የራሳችሁን ብቻ ያሉን እሳቸው አይደሉም? የራሴን ተናገርኩ። የራሳቸውን ጠበቅሁ።»

«እኔ አለሁ።» በዚህ አገር ከዚህ የሚበልጥ ዋስትና አላውቅም። ፊርማ የለው፣ ማኅተም የለው፤ ለጎረቤት፣ ለታማሚ፣ ለሚያለቅስ ሰው የምንሰጠው ቃል ነው። ሰውን ትከሻው ላይ ያለውን ሸክም የሚያስረሳ ቃል ነው። ጫልቱ ደግሞ የሰማችው «እኔ» የምትለውን ቃል ከፍ አድርጎ ካስተማራት ሰው አፍ ነው። እንዴት አትደረድር?

በቀጥታ ወደ ቢሮው ሄድኩ።

«ደርድሪው ብለዋታል?» አልኩት።

ይክዳል ብዬ ነበር። አልካደም። ተነስቶ በሩን ዘጋና፣ «ብያታለሁ» አለ።

«እና?»

«እኔ ዛሬ ከዚህ ብወጣ፣ የሚቀጥለው ሰኞ ስብሰባው ወደ ድሮው ይመለሳል። ያ ሁሉ ልፋት ይጠፋል። ታውቀዋለህ። እሷ ጎበዝ ናት፣ ሌላ ቦታ አታጣም።»

«ስብሰባውን ለማዳን ነው?»

«አትቀልድ።»

«እየቀለድኩ አይደለም። ለባለቤቱ ይንገሩት። ሥራዋ ነው፣ ልጆች አሏት።»

መስኮቱን እያየ፣ «ጊዜው ሲፈቅድ ይነገራል» አለ።

«እናገራለሁ» አላለኝም። «ይነገራል» አለኝ። ሰው ሲከዳኝ ያየሁት ብዙ ጊዜ ነው፤ በአንድ ግስ ሲከዳኝ ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

በማግስቱ ባለቤቱ ቢሮ ገብቼ ያወቅሁትን ነገርኩት። አቶ ፍስሐ በትዕግሥት አዳመጠኝና፣ «ከራሱ አፍ ካልሰማሁ የሰው ወሬ አልቀበልም» አለኝ። ደንቡንም እንደ እኛ ያውቀዋል ማለት ነው፤ እያንዳንዱ የራሱን ብቻ። ጫልቱ በዚያው ሳምንት ተሰናበተች። የሥራ ልምድ ወረቀቷ ላይ ቸልተኛ የሚል ቃል ስለገባበት ማንም ፋብሪካ መጋዘኑን አላስረክባትም አለ። እኔም ብዙ አልቆየሁም። ስብሰባው እንኳ አልዳነም። ከዚያ ስብሰባ በኋላ ከልቡ «እኔ» የሚል ሰው ጠፋ። ደንቡ አልተሻረም፤ ሁሉም «እኔ» ይልና የሚጠየቅበት ነገር የሌላት ትንሽ ዓረፍተ ነገር አስከትሎ ይወጣል። «እኔ እስከ ዓርብ ክትትል አደርጋለሁ።»

ጫልቱን አልፎ አልፎ አገኛት ነበር። ሰበታ ውስጥ በአንድ ዘመዷ ብሎኬት ማምረቻ በቀን ሥራ ገብታለች፤ አሸዋ ትነፋለች፣ ሲሚንቶ ታወርዳለች። በየበዓሉ ለታረቀኝ እንደምትደውልለት ስትነግረኝ ጆሮዬን አላመንኩም።

«ምን ይልሻል?»

«ያነሱልኛል። እንኳን አደረሰዎት እላለሁ። ልጆችሽ እንዴት ናቸው ይሉኛል። ደህና ናቸው እላለሁ። ከዚያ ዝም እላለሁ፣ እንዲናገሩ። እሳቸውም ዝም ይላሉ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ‹በይ እንግዲህ› ይላሉ።» ሳቀች። «ጋሼ፣ አንዲት ቃል ናት እኮ። ወደ አቶ ፍስሐ ደውለው ‹እኔ ነኝ ያዘዝኳት› ቢሉ ወረቀቴን ያስተካክሉልኛል። ይላሉ። አንድ ቀን ይላሉ።»

በቀለ የደወለልኝ ይህን ካለችኝ በኋላ በመጣው በዓል መዳረሻ ነው።

ቀብሩ ላይ አልደረስኩም። ቡራዩ ድንኳኑ ጋ ስደርስ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ንፍሮ ይታደል ነበር። የድሮ ባልደረቦች በአንድ ጥግ ተሰብስበዋል። አንዱ ተነስቶ ሟቹ «የኃላፊነት መምህር» እንደነበር ተናገረ፤ ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ የተቀመጥኩበት ወንበር አቶ ፍስሐ አጠገብ ሆነ። አርጅቷል። ፋብሪካውን ሸጦታል።

«ያኔ የነገርኩዎት እውነት ነበር» አልኩት ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ። «ከራሱ አፍ እሰማለሁ ብለው ነበር። እንግዲህ አፉም ተዘጋ።»

ንፍሮውን ዋጠ።

«ሰምቻለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«ከራሱ አፍ። በተቃጠለበት ማታ ቤቴ መጥቶ ነገረኝ። እያለቀሰ ነው የነገረኝ፣ ነፍሱን ይማረው። ነገ ስብሰባው ላይ ቆሜ እናገራለሁ አለ።»

እጄ ላይ ያለውን ንፍሮ ሳህኑ ላይ መለስኩ።

«እርስዎስ ምን አሉት?»

«ዝም በል አልኩት። መጋዘን የሚይዝ ሰው ነገውኑ አገኛለሁ፤ አንተን የመሰለ ከየት አመጣለሁ አልኩት። አንድ ሰው መጠየቁ ግድ ከሆነ እሷ ትሁን አልኩት።» እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «እሱ ላይ አትፍረድ። ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ።»

እኔ ነኝ አለ፤ ፋብሪካው ከተሸጠ፣ ሰውዬው ከተቀበረ፣ የሚጠይቀው ከጠፋ በኋላ። ታረቀኝን እንኳ ለመጥላት ያን ያህል ዓመት ያጠራቀምኩት ነገር አልበቃኝም። ጥፋቱን ተናግሯል። የተናገረው ግን ምንም ለማያደርገው ሰው፣ በዝግ ቤት ነው። ጠዋት ደግሞ እሷ ፊት ቆማ ስትጠብቀው «ሁላችንም» አለ። የሚናገርበትን ክፍል መርጦ ነበር።

ሳልሰናበት ወጣሁ። ከድንኳኑ ውጪ፣ ኮብልስቶኑ ላይ ጫልቱ ስትመጣ አገኘኋት። ከሰበታ ታክሲ እየቀያየረች መጥታ፣ ገና እያለከለከች ነበር። ራሷ ላይ ጥቁር ሻሽ አስራለች።

«አመለጡኝ ጋሼ» አለች። ዓይኗ ቀልቷል። «ቀብሩ አመለጠኝ። በቃ ሳይሉልኝ ሄዱ።»

መዋሸት እችል ነበር። በዚያ ቦታ ላይ አንድ ተጨማሪ ሰው እንዲዋሻት ግን አልፈለግሁም።

«ብለውልሻል» አልኳት፤ ከዚያ አቶ ፍስሐ ያለኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳት።

ቶሎ አልገባትም። ወይም ቶሎ እንዲገባት አልፈለገችም።

«ከስብሰባው በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

«በፊት። በዋዜማው ማታ።»

«እና እኔ ስነሳ ሁለቱም ያውቁ ነበር?»

«ያውቁ ነበር።»

ወደ ድንኳኑ አየች። ከውስጥ ሌላ ሰው ስለ ሟቹ መናገር ጀምሯል።

«ታዲያ ጋሼ፣ እኔ ያን ቀን ለማን ነው የነገርኩት?»

ጥቁሩን ሻሽ ከራሷ ላይ ፈታች። አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና ወደ ታክሲ ተራው ቁልቁል ሄደች።